አህያው ሳይቀምስ የሰጠው አምስት ኮከብ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ዳለቻ የሚባል አህያ ነበር። ስሙ የመልኩ ነው፤ አመድ ይመስላል። እግሩ ጠንካራ ነው። ሆዱ ግን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ሣር አጥቶ አይደለም። ቆሞ መብላት አልሆንልህ ብሎት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ስልክ እንስሳቱ አገር ገብቶ ነበር። ሁሉም እንደ ቃጭል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ገመዱ ረዘም ያለ ስለሆነ፣ አንገቱን የደፋ እንደሆነ ስልኩ መሬት ላይ ይጋደምለታል። በአፍንጫው ጫፍ እየነካ ያያል።

በስልኩ ውስጥ ደግሞ ቀበሮ ያመጣችው አንድ አፕ አለ። «ሣር ጠቋሚ» ይባላል። በልቶ ያየ ሁሉ በመስኩ ላይ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብም ይሰጣል። ኮከቡ የበዛለት መስክ እሱ ጥሩ ነው ይባላል።

ቀበሮ ሣር አትበላም። ታዲያ ለምን አመጣችው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዳለቻ በጠዋት አንድ መስክ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ይነጫል። ስልኩ «ጢን» ይላል። አንገቱን ይደፋል። «ከወንዙ ማዶ፣ አራት ኮከብ።» እሱ የቆመበት ሦስት ነው። አፉ ውስጥ ያለው ሣር ያን ጊዜውኑ ይመርረዋል። ይተፋውና ይሄዳል። ማዶ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሁለት ጊዜ ይነጫል። «ጢን።» «ከኮረብታው ጀርባ፣ አራት ኮከብ ተኩል።» ይተፋውና ይሄዳል። ኮረብታውን ሲዞር ቀኑ አልቋል።

ሲደክመው ይተኛል እንዳትሉ። ሌላ አገር ያለ አንድ ወፍራም አህያ ሣር ሲበላ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። እሱን ያያል። ባዶ አፉን እያላመጠ ያያል። ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል።

የእናቱ እህት ቡሊት ትባላለች። ያረጀች አህያ ናት። እሷም ስልክ አላት፤ ልጆቹ አንጠልጥለውላት ነው። አንድ ቀን ዳለቻ በፊቷ ሲያልፍ ጠራችው።

«ዳለቻ!»

«አቤት አክስቴ።»

«ጎድንህ አንድ በአንድ ይቆጠራል እኮ። ሰው ቢያይህ አጥር መስለኸው ልብስ ያሰጣብሃል።»

«ሣሩ ጥሩ አይደለማ። ሁለት ኮከብ ተኩል ነው።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ነዋ!»

«እኔ አላልኩም» አለች ቡሊት እያላመጠች። «እኔ ይኸው እየበላሁት ነው።»

ዳለቻ መልስ ሊሰጥ ነበር። «ጢን» አለ። አንገቱን ደፋ። ጆሮዎቹ ቀጥ አሉ።

«አክስቴ! ሙጃ ሸለቆ የሚባል ቦታ ወጣ! አምስት ኮከብ! ሙሉ አምስት! አርባ አህያ አስተያየት ሰጥቶበታል!»

«አርባ? በዚህ አገር ያለነው ሁላችንም ብንቆጠር ሠላሳ አንሞላም።»

«ከሌላ አገር የመጡ ይሆናላ።»

«ምን አሉ?»

«አምስት ኮከብ አሉ እንጂ!»

«ምን ብለው ጻፉ ነው የምልህ።»

«ማን ያን ሁሉ ያነባል አክስቴ? እስኪደረስበት ሣሩ ያልቃል!» የፊት እግሩን እያነሣ ይጥላል። መሬቱን ሊቆፍረው ደረሰ።

ቡሊት መስኩን አየች። ሰርዶው አጥሯል፤ አቧራ ጠጥቷል። ለእሷና ለሦስቱ የዳለቻ እኅቶች ከአሥር ቀን አይዘልቅም። ከእኅቶቹ አንዷ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። መሄዱስ መሄድ ነበረባቸው።

የአህዮቹ አገር አንድ ልማድ ነበረው። አዲስ መስክ የተሰማ እንደሆነ አንዱ ቀድሞ ይሄዳል። በልቶ፣ ውሎ፣ አድሮ ይመለሳል። ሲመለስ የቀሩት በተራ አፉን ያሸቱታል። ሣሩ ጣፋጭ ይሁን መራራ በትንፋሹ ያውቁታል። መንጋው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ቀረ። ማን የማንን አፍ ያሸታል? እንደ ነውር ተቆጠረ።

«ስማ» አለች ቡሊት። «ቅደምና ሂድ። ብላው። አፍህን የምናሸትበት ጊዜ የለም፤ ይቺ ልጅ ልትወልድ ነው። በልተህ ጥሩ ሆኖ ካገኘኸው በስልክህ ንገረን። በደረቁ ወንዝ እንመጣለን፤ በኮረብታው በኩል እሷ አትችልም።»

«እሺ።»

«ስልኩን አምኜ አይደለም የምመጣው። አንተን አምኜ ነው።»

«እሺ አክስቴ።»

«በልተህ ነው ያልኩህ።»

«ሰማሁ እኮ!» አለ ዳለቻ። ይህን ሲል ጀርባውን ሰጥቷት ነበር።

የኮረብታው መንገድ ረጅም ነው። ዳለቻ አልሮጠም፣ አልተራመደም፤ በሁለቱ መካከል ነው የሄደው። መንገዱ ዳር ለምለም ነገር ቢያይም አልቀመሰም። ኮከብ የለውም።

አፋፉ ላይ ሲደርስ «ጢን» አለ።

«ወደ ሙጃ ሸለቆ ተቃርበዋል። አስተያየትዎን ይስጡ።»

«ገና አልደረስኩም» አለ ዳለቻ ለስልኩ። ሄደ። ሃያ እርምጃ አልሞላም።

«ጢን። አስተያየትዎ እየተጠበቀ ነው።»

«አልበላሁም አልኩህ!»

«ጢን። ከአገርዎ የመጀመሪያው አስተያየት ሰጪ ይሁኑ። የወርቅ ቃጭል ይሸለሙ።»

ዳለቻ ቆመ። የወርቅ ቃጭል ማለት ሥዕል ነው። ከስም አጠገብ ይቀመጣል። ይደወል ቢሉት አይደወልም። ቢሆንም ከወንዝ ወዲያ ያለው ጥቁሬ የሚባለው አህያ ሦስት አለው፤ ባገኘው ቁጥር ያወራለታል። ዳለቻ አንድም የለውም። አሁን ጥቁሬ በሌላ መንገድ እየሮጠ ቢሆንስ? ይህን ሲያስብ ቆዳው ተንቀጠቀጠ፤ ዝንብ የነከሰው መሰለ።

ቁልቁል አየ። ሸለቆው አረንጓዴ ነው። ስሙን የሰጠው ረጅም ሣር፣ ሙጃው፣ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል።

«ይኸው ይታያል» አለ ለራሱ። «ደርሼ የምበላው አይደል? ጥቂት ቀድሞ መናገር ምን ጥፋት አለው?»

አንገቱን ደፋ። አምስቱን ኮከብ ነካ። ስልኩ ጠየቀው፦ «በልተውታል?»

ዳለቻ ግራና ቀኝ አየ። ማንም የለም። «አዎ» የሚለውን ነካ። ካነካካው አይቀር ብሎም «በልቼ አየሁት፤ ይጣፍጣል» ብሎ ጨመረበት።

የወርቅ ቃጭሉ ከስሙ አጠገብ ብልጭ አለ። ዳለቻ ደስ አለው። ደስታው ግን እስከሚቀጥለው «ጢን» ድረስ ብቻ ነበር።

«ቡሊት አስተያየትዎን አይታለች። ቡሊትና ሦስት ሌሎች ጉዞ ጀምረዋል።»

«በሉ ደግ» አለ። የጻፈው ቃል ትዝ አለው። ደርሼ እበላው የለ ብሎ ተወው። ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ሸለቆው አፍ ላይ ሲደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር፤ ሙጃው ጉልበቱ ድረስ መጣ። አፉን ከፈተ። ሊነጭ ሲል አንድ ነገር አላምርህ አለው።

የሙጃው ጫፍ ሁሉ እንዳለ ነው። አንዲት የተነጨች የለችም።

መሬቱን አሸተተ። አርባ አህያ የበላበት ቦታ ፋንድያ ይኖረዋል። እዚህ ፋንድያ የለም። አህያ ከጠገበ በኋላ አቧራ ፈልጎ ይንከባለላል፤ የተንከባለለበትም ቦታ እንደ መደብ ይለሰልሳል። እዚህ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ዞር ሲል ከድንጋዩ ሥር ኩስ አየ። ነጭ ነው። ደርቆ ኖራ መስሏል።

ነጭ ኩስ የማን እንደሆነ አህያ ሁሉ ያውቃል። አጥንት የሚበላ አንድ ነው።

ዳለቻ ትንፋሹን ያዘ። ነፋሱ ከወዲያ ወደሱ ይነፍሳል። ከነፋሱ ጋር ድምፅ መጣ፤ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ነው።

«አያ ጅቦ፣ በቃህ፣ ስልኬን መልስልኝ።»

«አንዲት ብቻ ልጨምር እመት ቀበሮ።»

«አርባ ጽፈሃል! አርባውንም በአርባ ስም የጻፍከው አንተ ነህ። መዳፍህ አይደክምም? አፋፍ እየወጣሁ የምልክልህ እኔ እንኳ ደክሞኛል።»

«ይቺን ስሚያት፣ አምራልኛለች። "እኔ አህያ ነኝ። የሙጃ ሸለቆ ሣር ግሩም ነው። አጥንቱ ሳይቀር ቆረጣጥሜ በላሁት።"»

«ሣር አጥንት አለው?»

ጅቦ መጻፉን ተወ። አሰበ። «የለውም?»

«የለውም!»

«ታዲያ አህዮቹ ምን ይቆረጥማሉ?»

«ወይ ፈጣሪ» አለች ቀበሮ። «ደግነቱ ቃሉን የሚያነብ የለም። ኮከቡን ቆጥረው ነው የሚነሡት። አንተ ደግሞ ጅብ ነህ፤ ቀን አትወጣም። እኔ ባልኖር ማን ምግብህን በእግሩ እያስኬደ ያመጣልህ ነበር? ለዚህ ነው ጉበቱ ለእኔ ይሁን ያልኩህ።»

«ጉበቱን አልሰጥም።»

«ተስማምተናል እኮ!»

«ያኔ ጠግቤ ነበር። አሁን ርቦኛል። ጆሮውን ውሰጂ።»

«ጆሮ ምን ይሆነኛል!»

«እሱም ካላስፈለገሽ እኔ እበላዋለሁ።»

ዳለቻ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቀስ ብሎ። ከኋላው ያለው መንገድ ክፍት ነው። አላዩትም። ሌላ አንድ እርምጃ አለ። ያን ጊዜ ቀበሮ ሳቀች።

«ለማንኛውም ዛሬ አራት ይመጡልሃል። ከወዲያኛው አፋፍ ላይ ሆኜ በስልኬም በዓይኔም አይቼ ነው የወረድኩት። በደረቁ ወንዝ ነው የሚገቡት፤ ልክ በአፍንጫህ ሥር። አንዷ እርጉዝ ናት፣ አትሮጥም።»

«አራት!» አለ ጅቦ። ምራቁን ዋጠ፤ ድምፁ እስከ ዳለቻ ተሰማ። «የእኔን ጽሑፍ ወደውት ነዋ!»

«የአንተን? የአንተን አርባ ውሸት አይተው እነዚህ አራቱ ከቦታቸው አልተነሡም። ያስነሣቸው ዳለቻ የሚባል የራሳቸው ልጅ ነው። በልቼ አየሁት፣ ይጣፍጣል ብሏል።»

«በላ? የት በላ? እኔ እዚህ ነኝ፤ ማንም አልበላም!»

«ዋሽቶ ነዋ! አንተ አርባ ዋሽተህ አንዲት አህያ አላመጣህም። እሱ አንዴ ዋሽቶ አራት አመጣልህ። ከአንተ ይልቅ ምስጋናው ለሱ ነው።»

ዳለቻ ወደ ኋላ መሄዱን ተወ። አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ነካ። ኮከቡን ሊያጠፋ ነው። «ኔትወርክ የለም» አለው። እንደገና ነካ። «ኔትወርክ የለም።» በአፍንጫው ሳይሆን በግንባሩ ገፋው። «ኔትወርክ የለም።»

ከታች፣ ከደረቁ ወንዝ በኩል፣ የጠጠር ድምፅ መጣ። ኮቴ ነው። አራት የተለያየ ኮቴ። አንደኛው ከባድና ዝግ ያለ ነው። አወቀው፤ የእርጉዟ ነው።

መንገዱ አሁንም ከኋላው ክፍት ነበር። ዝም ብሎ ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። ቡሊት ብትሞት፣ በልቼ አየሁት ማለቱን የሚያስታውስበት አይኖርም። ይህን አሰበ። ማሰቡን ራሱ ጠላው።

አንገቱን ቀና አደረገ። አፉን በሰፊው ከፈተ። አናፋ።

ሆዱ ባዶ ስለነበር ድምፁ እንደ ከበሮ ወጣ። ሸለቆው ተቀብሎ መለሰው። አህያ ሲጠግብ የሚያናፋው ሌላ ነው፤ ሲፈራ የሚያናፋው ሌላ ነው። ታች ኮቴዎቹ ቀጥ አሉ። ደግሞ አናፋ። ኮቴዎቹ ዞሩ። መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ከዚያ ፈጥነው በመጡበት ተመለሱ።

ጅቦ ከቋጥኙ ዘሎ ወጣ።

«ይኸውልሽ አምስተኛው!»

ዳለቻ ዞሮ ሮጠ። እግሩ እንደ ድሮው አልሆነለትም። የስንት ወር ያልተበላ ሣር ነው በዚያች ሰዓት የጎደለው። ሃያ እርምጃ ሳይርቅ ጅቦ ደረሰበት፤ ግራ ጆሮውን ነከሰው። ዳለቻ ጎተተ። ጅቦ ጎተተ። ጆሮው ከመሃል ተገነጠለ፤ ግማሹ ጅቦ አፍ ውስጥ ቀረ። ዳለቻ ሳይዞር በሁለቱም የኋላ እግሩ ወደ ኋላ ረገጠ። የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ፤ የጅቦ ጥርስ ነው።

ዳለቻ ወደ አፋፉ ሮጠ። ሲሰማ፣ ከኋላው ቀበሮ ትጮኻለች።

«ተከተለው እንጂ! ምን ቆመህ ታደርጋለህ?»

«እያላመጥኩ ነው!»

«ጆሮውን ተወውና እሱን ያዝ! አራቱም እኮ አመለጡ!»

«እሺ፣ ይቺን ልጨርስና!»

በተቀሩት ጥርሶቹ ጨርሶ ቀና ሲል ሸለቆው ውስጥ ከእሱና ከሙጃው በቀር ማንም አልነበረም። ቀበሮም ስልኳን ይዛ ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ በጎቹ አገር ታየች ይባላል፤ ሌላ አፕ ይዛ።

ዳለቻ አፋፉን ዞሮ ወረደና ቡሊትን ደረቁ ወንዝ ማዶ አገኛት። እኅቶቹ ጎን ለጎን ቆመው ያለከልካሉ። እርጉዟ ተኝታለች፤ ደህና ናት። ከዳለቻ ጆሮ ላይ ደም ይንጠባጠባል።

ቡሊት ከፊቱ መጥታ ቆመች።

«በልቼ አየሁት ብለህ ነበር።»

«አልበላሁም አክስቴ።»

«ሌላ ጊዜስ? ያ ጥሩ ነው፣ ይኸ ጥሩ ነው ስትለን የኖርከው?»

ዳለቻ አንገቱን ደፋ። ስልኩ መሬት ነካ። አላየውም። «አብዛኛውን አልበላሁትም» አለ። «ሌላው ያለውን አይቼ ነው።»

ቡሊት አልተቆጣችም። ደሙን በምላሷ ጠረገችለት። ያ ከቁጣ ይልቅ አስጨነቀው።

በማግሥቱ ጠዋት አፋፉ ላይ ወጣ፤ እዚያ ኔትወርክ አለ። አምስቱን ኮከብ አጠፋና አንድ ሰጠ። «ጅብ አለ፤ አትምጡ» ብሎ ጻፈ። ስልኩ መለሰለት፦ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። የሙጃ ሸለቆ አሁን አራት ነጥብ ዘጠኝ ኮከብ ነው።»

ዳለቻ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። ከአርባው ጋር ሲደመር የእሱ አንድ ኮከብ ምንም አላደረገም። ስልኩን ከአንገቱ አወለቀው። ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ መንገዱ መሃል፣ ቆመ።

እኅቶቹ ሊጠሩት መጡ። ከኮረብታው ጀርባ የግራር ፍሬ አግኝተዋል፤ ዝናቡ እስኪመጣ ያደርሳል።

«አልመጣም» አላቸው። «እዚህ እቆማለሁ።»

«አንተ? ትቆማለህ?» ብላ አንዷ ሳቀችበት።

ቆመ። ሲመሽ ወርዶ ከነሱ ጋር ያድራል፤ ሲነጋ ይመለሳል። አጠገቡ ያለውን ቁጥቋጦ ይቀነጥባል። ግማሽ ቀን አንድ ቦታ መዋል የማይችለው አህያ ሳምንት ቆመ፤ ወር ቆመ። መንገደኛ ሲመጣ «እኔ ገብቼ አይቻለሁ፣ አትውረዱ» ይላል። ግማሹ ይሰማዋል። ግማሹ ይከራከረዋል።

አንድ ቀን አንድ በቅሎ መጣ። ኮርቻው የጌታ ነው፤ አንገቱ ላይ ስልክ ያበራል።

«ዞር በል፣ መንገድ ዘግተሃል።»

«ወዴት ነው ጌታዬ?»

«ሙጃ ሸለቆ። አራት ነጥብ ዘጠኝ ኮከብ ነው።»

«ጅብ አለበት።»

«አርባ አስተያየት ጥሩ ነው ይላል። አንተ አንድ ነህ።»

«አንድ ነኝ» አለ ዳለቻ።

«ታዲያ ለምን አንተን ልመን?»

ዳለቻ አልተከራከረም። ከመንገዱ ዞር አለለት። ዞር ሲል ግን የግራ ጎኑን፣ ግማሽ ጆሮ የቀረበትን፣ ሰጠው።

«ይሂዱ እንግዲህ» አለው። «ግን ይቺን ጆሮ አይተዋት ይሂዱ።»

በቅሎው ጆሮውን አየ። ቁልቁል አረንጓዴውን ሸለቆ አየ። እንደገና ጆሮውን አየ። ስልኩ «ጢን» አለ። አንገቱን አልደፋም። ዞሮ በመጣበት መንገድ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳንቀምስ ያሞገስነው ነገር አምኖን የተነሣውን ሰው ወደ ጅብ አፍ እንደሚመራው፣ ያን ቃል መልሶ ማንሣትም የሚቻለው ራስን አሳልፎ በመስጠት ብቻ መሆኑን ነው።